ሰው የማይቆጠርበት ቤት

አዲሱ ገበያ ላይ ዝናብ የያዘው ሰው ጠባዩ ይከፋል። እኔም በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ለመድኃኒት ቤቴ የሚሆን ዕቃ ፈልጌ አጥቼ፣ ጃንጥላዬንም ቤት ረስቼ፣ አንድ ጫማ ቤት በረንዳ ሥር ተጠግቼ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ስጠብቅ ለሰላምታ የሚሆን ፊት እንኳ አልነበረኝም። ፊት ለፊቴ የቆመው የሸጎሌ ታክሲ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ተሳፋሪዎቹን በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል። «አራት፣ አምስት፣ ስድስት... ሁለት ሰው የቀረው ሸጎሌ!»

አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ በሩ ተጠጋች። ረዳቱ ጣቱን ወደ ልጅቷ ዘርግቶ «አንቺ ደግሞ ስንተኛ ነሽ የኔ ቆንጆ?» ቢላት ሕፃኗ እጇን ከእናቷ እጅ መንጭቃ ከጀርባዋ ደበቀች። ሌባ የተባለች ትመስል ነበር። ያን ጊዜ ነው ያወቅኋቸው። ትንሿ ሰምሀል ናት፣ እናቷም ሐመልማል፣ የጎረቤቴ የጋሽ ዓምሃ ምራት።

ጋሽ ዓምሃ ሽሮ ሜዳ ላይ ጥለታቸው የተመሰገነ ሸማኔ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ከኤርሚያስና ከሐመልማል ጋር ይኖራሉ። ኤርሚያስ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ሐመልማል በመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት የተመረቀች ልጅ ናት። እሷን ለኤርሚያስ ስንጠይቅ ሽማግሌ ሆነን ከተላክነው አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሻንጣዋን ሳይ ዝናቡንም፣ የጎደለውን መድኃኒትም ረሳሁት።

«ሐመልማል፣ ወዴት ነው?»

«ሸጎሌ፣ አክስቴ ደሳለች ጋ።»

«በሻንጣ?»

«በሻንጣ፣ ጋሽ ዮፍታሔ። ያሳልፉኝ እባክዎ፣ ታክሲው ሊሞላ ነው።»

«ጋሽ ዓምሃ ያውቃሉ?»

«ባዶ ቤት ሲያገኙ ያውቃሉ!» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። ረዳቱ «እናትዬ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ሰው ላስገባ?» እያለ ይጮሃል። እኔ ሻንጣውን ያዝኩ፤ እሷ አልለቀቀችም። እንዲሁ እንደተጓተትን ነገረችኝ።

«ሰኞ ማታ ራት ላይ ሰምሀል በጨዋታ ቤተሰቡን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ‹አንድ አባባ፣ ሁለት እማዬ፣ ሦስት ባቢ› አለች። አባቷ መንገድ ላይ ቢሆንም አልረሳችውም። ‹አራት እኔ› ብላ ሆዴን ነክታ ‹አምስት ቤቢ› ልትል ስትል አያቷ ‹ሰው አይቆጠርም!› ብለው እጇን መቷት። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባሉበት ትንፍሽ አትልም። ጣት ካየች ትደብቃለች፤ አሁን እንኳ አይተዋታል። ዛሬ ምሳ ላይ ፍርሃቱ ይልቀቃት ብዬ ቆርኪ ደርድረን ስንጫወት፣ ቆርኪውን ሰብስበው ቦይ ውስጥ ወረወሩት። በዚህ ቤት ቁጥር የሚባል ጨዋታ እንዳልሰማ አሉ። ምን ልጠብቅ? ልጄ አፏ እስኪዘጋ?»

«የቤት ነገር በሸጎሌ ታክሲ አይፈታም፣ ልጄ። ኤርሚያስ እስኪመለስ...»

«ኤርሚያስ ሲመለስ ሌላ ቤት ተከራይተን እንወጣለን፤ ቆርጫለሁ። ጋሽ ዮፍታሔ፣ ሽማግሌ ሆነው የመጡ ዕለት ለአባቴ ‹እንደ ዓይናችን ብሌን እንይዛታለን› ብለዋል። ረስተውታል?»

አልረሳሁትም። ሽማግሌ ሲለምን ብዙ ይምላል፤ ከሠርጉ በኋላ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔን ግን ጠየቀችኝ፣ ያውም በሰው መሐል። «እሺ» አልኳት። «ዛሬ ፊት ለፊት እንነጋገር። ካልሆነ እኔው ራሴ ኮንትራት ይዤ ሸጎሌ አደርስሻለሁ።» ሻንጣውን ለቀቀችልኝ። ታክሲው ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ፤ እኛም ወደ ሽሮ ሜዳ ተመለስን።

ጋሽ ዓምሃ ግቢው ውስጥ ባለችው የሽመና ክፍላቸው ነበሩ። እንደ ሸማኔ ወግ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው፣ የድሩን እንጨት እየረገጡ ይሠራሉ። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ይላል። ሻንጣውን ሲያዩ ቆመ።

«ዶክተር፣ ምን እግር ጣለህ?» አሉኝ። በሰፈራችን መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውኩት ቆይቷል። «ወደ ቤት እንግባና እንጫወት» አልኳቸው። ወጥተው እጃቸውን ከተጣጠቡ በኋላ ወደ ትልቁ ቤት ገባን። ሰምሀል የእናቷን ቀሚስ ይዛ በሩ ጥግ ቀረች።

«የመጣህበት ገብቶኛል» ሲሉ ጀመሩ ጋሽ ዓምሃ። «አዎ፣ መትቻታለሁ። ደግሞም አላፍርበትም። ሰው አይቆጠርም። አባቴን ልጆችህ ስንት ናቸው ሲሉት ‹ሰጪው ያውቃል› ነበር የሚለው። ከብት እንኳ አይቆጥርም ነበር።»

«አባባ፣ እርስዎን ለመድፈር አይደለም የተመለስኩት» አለች ሐመልማል። «ብቻ ይስሙኝ። ልጅቷ ያጠፋችው ምንድን ነው? ተጫወተች።»

«እሱን ነው የምጠላው! የሦስት ዓመት ልጅ ምን ቁጥር፣ ምን ፊደል ያስፈልጋታል? ጊዜዋ ሲደርስ ትማራለች። እኛ ሰባት ዓመት ሲሞላን የኔታ ዘንድ ገብተን፣ ፊደል ገበታ ታቅፈን፣ አርጩሜ ቀምሰን ነው የተማርነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። አንቺ ደግሞ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ልታስመርቂያት ትፈልጊያለሽ።»

ሳቅ መጣብኝ፤ ግን የሚሳቅበት ሰዓት አልነበረም።

«እኔ እኮ ገበታ አላስታቀፍኳትም፣ አባባ። ቁጭ በይ፣ ድገሚ፣ ተሳሳትሽ አላልኳትም። እሱን በዚህ ዕድሜዋ ባደርግባት እርስዎ ልክ ነዎት፣ ትምህርት ትጠላለች። ስሟን በጭብጨባ ከፋፍለን እንጠራለን፤ ሰ፣ ም፣ ሀ፣ ል። ደረጃ ስንወጣ እየቆጠርን እንወጣለን። እርስዎ የሠሩት ነጠላ ላይ መስቀሏን አይታ ‹ተ!› ስትል አብሬያት እደሰታለሁ። ከሰለቻት እንተወዋለን። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ይህ ትምህርት ከተባለ ሥራ መፍታትስ ምን ሊባል ነው?»

ሐመልማል ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ቀስ ብላ «እርስዎ ሽመና የጀመሩት ስንት ዓመት ሲሆንዎት ነው?» አለቻቸው።

«መወርወሪያ የያዝኩት? አሥራ ሁለት ቢሆነኝ ነው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትማ ጨዋታ ነው። አባቴ ሲሠራ ጉድጓዱ ውስጥ፣ እግሩ ሥር እቀመጣለሁ። ክር የተጠቀለለበትን ቀሰም እደረድራለሁ። ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ። ‹ሁለት ቀይ ወዲህ በል› ሲለኝ አቀብለዋለሁ።»

«ሁለት ስንት እንደሆነ ማን አስተማረዎት?»

ጋሽ ዓምሃ ጢማቸውን አሻሹ። «ማን ያስተምረኛል? አወቅሁት እንጂ!» አሉ።

«እሷም እንደዚያ ትወቀው ነው የምለው።»

እዚህ ላይ እርቁ የደረሰ መስሎኝ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ሽማግሌ ቶሎ ሲደላደል ነገር ይበላሻል። ጋሽ ዓምሃ እጃቸውን አነሱ።

«እሺ፤ ቀሰም ይቆጠር። ቆርኪም ይቆጠር። ሰው ግን አይቆጠርም! አንቺ ልጅ ነሽ፣ የሆነውን አታውቂም። ኤርሚያስ ሳይወለድ ሌሎች ነበሩኝ። አንድ ቀን መዝጋቢ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ልጆችህ ስንት ናቸው አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ እያንዳንዳቸውን ራሳቸውን እየነካሁ ‹አንድ፣ ሁለት› ብዬ ቆጠርኩለት። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ቀበርኩ። ሐመረን፣ ፀዳለን። በዚህ እጄ ነክቼ የቆጠርኳቸውን!»

እጃቸውን ዘረጉት። የሸማኔ እጅ ነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም። ያን ሁሉ ዘመን አጥር ለአጥር ስንኖር ይህን ነግረውኝ አያውቁም።

እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ «ጋሽ ዓምሃ፣ ምን ነበር የታመሙት?» አልኳቸው።

«ኩፍኝ።»

«እንግዲያው የገደላቸው ኩፍኝ ነው እንጂ ቁጥር አይደለም። ዛሬ ክትባት አለው።»

ያልኩት እውነት ነበር፤ ግን እውነትም ጊዜ አለው። ጋሽ ዓምሃ እንደ መታኋቸው ሁሉ አዩኝ። ሐመልማል ግን አጠገባቸው ሄዳ ቁጭ አለች። «አባባ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም? እኔ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። በዚያ ሰሞን የሌላ ሰው ልጅ አልሞተም?»

«ሞቷል እንጂ። የጎረቤቴ የቶለሳ ልጅ በማግስቱ ሄደች። ከወንዙ ማዶም ነበሩ።»

«የቶለሳን ልጅ ማን ቆጠራት?»

መልስ ያጣ ፍርሃት ይጮሃል። ጋሽ ዓምሃ ድንገት ብድግ አሉ።

«ልጄ መንገድ ላይ ነው! ያ ሁሉ ተሳቢ በሚገለበጥበት ቁልቁለት! አንቺ ጽንሱን ሳይቀር ታስቆጥሪያለሽ። አንዱ ቢጎድልስ? ማነው የሚመልስልኝ? ቤቴ ነው፤ በቤቴ አይሆንም ብያለሁ። ካልተዋጠልሽ በሩ ክፍት ነው!»

«እሺ፣ አባባ» አለች ሐመልማል። ተነሥታ ሻንጣዋን አነሳች። «ሰምሀል፣ ነይ እንሂድ።»

በሩ ጥግ ማንም አልነበረም።

«ሰምሀል?»

ጓዳ አየን፣ አልጋ ሥር አየን። የውጪው በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፤ ለካ ስንገባ አልዘጋነውም። ከበሩ አሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ቦይ ሞልቶ ቀይ ውሃ ይዞ ያጓራል። ሐመልማል ወደ ቦዩ ሮጠች፤ እኔ ወደ አስፋልቱ። ቅዳሜ ነው፣ የሽሮ ሜዳ ገበያተኛ ጋቢና ነጠላውን በላስቲክ ሸፍኖ ይጋፋል፣ መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል። ቀይ ሹራብ የለበሰች ሕፃን ያየ ብል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

ስመለስ ጋሽ ዓምሃ ባዶ እግራቸውን ጭቃው ውስጥ ቆመው «ሰምሀል! የኔ እናት! ሰምሀልዬ!» እያሉ ይጣራሉ። ሐመልማል ከቦዩ ዳር ቀና ብላ ጮኸችባቸው።

«አባባ፣ እባክዎ እርስዎ አይጥሩ! የእርስዎን ድምፅ ከሰማች አትወጣም!»

ጋሽ ዓምሃ መጣራታቸውን አቆሙ። በሚስታቸው ቀብር ቆሜ አይቻቸዋለሁ፤ ያን ዕለት እንኳ ፊታቸው እንዲህ አልነበረም። ዞረው ወደ ግቢው ገቡ። እንዳይወድቁ ሰጋሁና ተከተልኳቸው። በሽመና ክፍሉ በር ሲያልፉ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እጃቸውንም ወደ እኔ ዘርግተው ዝም በል አሉኝ።

ከውስጥ በጣም ቀጭን ድምፅ ይሰማል። «...ባቢ... እኔ... ቤቢ...»

ሰምሀል ጉድጓዱ ውስጥ፣ ድሩ ሥር ተሸጉጣ ነበር። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቀሰሞች ደርድራለች፤ ለእናቷ ቢጫ፣ ለአባቷ አረንጓዴ፣ ለራሷ ሌላ ቢጫ፣ ላልተወለደው ሕፃን ክሩ ሊያልቅ የደረሰ አንድ ትንሽ ቀሰም። የአያቷ ጥላ ሲያርፍባት ቀና አለች። አላለቀሰችም። አልሸሸችም። ቀኝ እጇን ቀስ ብላ ዘረጋችላቸው፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗንም ጨፈነች።

እንድትመታ ነው። ቆጥራለችና ቅጣቷን ልትቀበል ነው። እኔ ዞር አልኩ፤ ማየት አልቻልኩም።

ጋሽ ዓምሃ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያችን ትንሽ እጅ ለመንካት ቢፈልጉም የደፈሩ አልመሰለኝም። «እነማን ናቸው?» አሏት። «እኔስ? እኔ የለሁም?»

ሰምሀል አንድ ዓይኗን ከፈተች። በሩ ላይ እያለከለከች የደረሰች እናቷን አየች፣ እሳቸውን አየች። ከዚያ በሹክሹክታ «አባባ አይቆጠርም» አለች።

ሰኞ ማታ የተነገራትን ነው የመለሰችላቸው። ጋሽ ዓምሃ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሲገልጡት ጢማቸው ረጥቧል።

«ይቆጠራል፣ የኔ እናት። አባባም ይቆጠራል። ቁጠሪኝ።»

ልጅቷ አመነታች። ከቀሰም ቅርጫቱ ቀይ መርጣ፣ ከሁሉም ፊት አስቀመጠችና «አንድ» አለች። ከዚያ ጣቷን እያነሳች ቀጠለች። «ሁለት እማዬ። ሦስት ባቢ።» ባቢ ስትል ሽማግሌው መዳፋቸውን ጨብጠው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ፤ ይጸልዩ ነበር። ግን አላስቆሟትም። «አራት እኔ። አምስት ቤቢ።» አምስት ያለችው ጮክ ብላ ነው።

ያን ማታ ሻንጣው ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ። ጋሽ ዓምሃ እግራቸውን ታጥበው ከተቀመጡ በኋላ ምራታቸውን «ይቅር በይኝ» አሏት። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ወንድ ቀላል ቃል አይደለም። ከዚያ «እንግዲያው አስተምሪኝ» አሉ። «ሳልቆጣ፣ ሳልመታ እንዴት ነው የሚደረገው?»

«ብዙ የሚደረግ የለም፣ አባባ» አለች ሐመልማል። «ክር ሲያዞሩ አጠገብዎ ያስቀምጧት፤ ‹ሦስት ቢጫ አቀብይኝ› ይበሏት። አራት ካቀበለችዎ ተሳሳትሽ አይበሉ፤ አብረው እንደገና ይቁጠሩ። ጥለቱን ጀምረው ‹ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቀጥሎስ?› ይበሏት። ማታ ማታ ‹በሰ የሚጀምር ስም ማን አለ?› ዓይነት እንቆቅልሽ ይጠይቋት፤ ድምፅ ከድምፅ መለየት የምትማረው እዚያ ነው። ሱቅ በር ላይ የስሟን ፊደል ስታይ ይቁሙላት።»

«እንደ ዛሬ ልጆች መማሪያ የሚሆን ስልክ አያስፈልጋትም?»

«እርስዎ እያሉ ስልክ ምን ያደርግልናል?»

ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ቆየት ብለው ግን «ጥቅሙስ?» ብለው ጠየቁ።

«ትምህርት ቤት ስትገባ ፊደልና ቁጥር የምታውቃቸው ዘመዶቿ ይሆናሉ፤ አትደነግጥም። የማታውቀውን ለመጠየቅ አታፍርም። ቀድማ አሥር ድረስ መቁጠሯ አይደለም ዋናው፤ የቆጠረችው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ይገባታል። ደግሞ ከሁሉም በላይ አባባ፣ ያስተማራትን ሰው አትፈራም።»

ጋሽ ዓምሃ የመጨረሻውን ደጋግመው ለራሳቸው አሉት።

እኔም ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ቤቴ ለሚመጡ ወላጆች ሳይጠይቁኝ የምመክረው ይህንኑ ነው። ልጃችሁን ለፊደል አትገርፉ፤ ገና ነው ብላችሁም አትተዉት። በእጃችሁ ባለው ሥራ አጫውቱት። ጫማ የምትሰፉ በሚስማር፣ ጎመን የምትሸጡ በእስር፣ ታክሲ ላይ የምትሠሩም በሰው። ልጅ ፊደልና ቁጥር የሚወደው በፍቅር ሲያጫውቱት ነው። የፈራ ልጅ ግን እጁን ለዱላ ይዘረጋል እንጂ ለመማር አይዘረጋም። ክትባቱንም አደራ እላለሁ፤ ልጅ ከኩፍኝ የሚድነው ባለመቆጠር ሳይሆን በመርፌ ነው።

ኤርሚያስ በሰላም ተመለሰ። ጋሽ ዓምሃ በሩ ላይ አቅፈውት ብዙ ቆዩ። «ባይመለስ ኖሮስ?» ብዬ በኋላ ለብቻቸው ጠየቅኋቸው፤ ነገር መቆስቆስ አልተውም። «ባይመለስ ኖሮ» አሉኝ፣ «አለቅስ ነበር። የሕፃን ጣት ግን አልከስም።»

ሕፃኑ ተወልዶ ክርስትና የተነሣ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። እኔ ከጩኸቱ ሸሽቼ ወደ ሽመና ክፍሉ ዘለቅሁ። ሰምሀል ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀሰሞቿን ደርድራለች፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ የሕፃኑም ትንሽ ቀሰም አዲስ ክር ተጠቅልሎባታል። ከእነሱ አለፍ ብሎ ሁለት ነጫጭ ቀሰሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«እነዚህስ የማን ናቸው?» አልኳት።

«የአባባ ልጆች» አለችኝ። «አባባ ነው ያስቀመጣቸው። ሐመረና ፀዳለ። እነሱም ይቆጠራሉ።» ከዚያም ጣቷን አንሥታ፣ እኔ እያየኋት፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።